በአንድ ሌሊት የጸደቀው፣ ሰባት ዓመት የተጓዘው፦ የደቡብ አፍሪካ የመሬት ውሳኔ ከፓርቲ ጉባኤ እስከ ሕግ

የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ አዲሱን የንብረት ማስለቀቂያ ሕግ መፈረማቸው በጃንዋሪ 2025 ከተሰማ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለዚያች አገር መሬት የሚነገረው ነገር ሁለት ጫፍ ይዟል። በአንዱ ጫፍ መንግሥት የነጮችን እርሻ እየወረሰ ነው ይባላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕም ይህንኑ ክስ መነሻ አድርገው በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ባወጡት ትእዛዝ ለደቡብ አፍሪካ የሚሰጠው ዕርዳታ እንዲቋረጥ፣ አፍሪካነር የሚባሉት የደች ዝርያ ያላቸው ነጮችም በስደተኝነት እንዲስተናገዱ አዘዋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ገዢው ፓርቲ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ)፣ መሬት ያለ ካሳ እንዲወሰድ በጉባኤው ከወሰነ ቆይቷልና ጉዳዩ ያለቀለት ነው፣ የቀረው መሬቱን ማከፋፈል ብቻ ነው የሚል አስተያየት ይደመጣል።

ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የፓርቲ ጉባኤ ውሳኔን ከሕግ ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። በውሳኔውና በሕጉ መካከል ሰባት ዓመት አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሙከራ ከሽፏል፣ ሁለት አገር አቀፍ ምርጫዎች ተካሂደዋል፣ ገዢው ፓርቲም አብላጫ ድምፁን አጥቷል። የተፈረመው ሕግ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለመረዳት፣ ውሳኔው ወደ ተወለደበት የጉባኤ ቀን መመለስ ያስፈልጋል።

«መውረስ» እና «ማስለቀቅ»

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ «መንግሥት መሬት ወረሰ» ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ 1967 ዓ.ም. ይሄዳል፤ ወደ የካቲቱ የገጠር መሬት አዋጅና ወደ ትርፍ ቤቶች። ያ እርምጃ የባለቤትነትን ሥርዓት በአንድ ጊዜ፣ በመላ አገሪቱ፣ በአዋጅ የለወጠ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የሚነገረው ግን መንግሥት ለሕዝብ ዓላማ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ሲል አንድን የታወቀ ንብረት፣ ከአንድ ከታወቀ ባለቤት፣ በሕግ በተደነገገ ሂደት የሚያስለቅቅበት ሥልጣን ነው። ለመንገድና ለግድብ ሲባል በየአገሩ የሚሠራበት አሠራር ነው። በደቡብ አፍሪካ አዲሱ ሕግ የተካውም በ1975 የወጣ ተመሳሳይ ሕግ ነበር።

ካሳ የሚለውም ቃል የሚሰጠው ትርጉም በሁለቱ አገሮች ይለያያል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለይዞታ ሲነሣ ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ግን መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ የግል ሀብት ነው፤ ካሳው የመሬቱን ዋጋ ራሱን ያካትታል። ስለዚህ «ያለ ካሳ» የሚለው ሐረግ እዚያ የሚፈጥረው ድንጋጤ እዚህ ከሚሰማን በእጅጉ የከበደ ነው።

የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ካሳው «ፍትሐዊና ሚዛናዊ» እንዲሆን ያዛል። የገበያ ዋጋ ብቸኛ መለኪያ አይደለም፤ ንብረቱ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት፣ ባለቤቱ በምን ታሪክ እጁ እንዳስገባው፣ መንግሥት በንብረቱ ላይ ምን ያህል ገንዘብ እንዳዋለ፣ የማስለቀቁም ዓላማ አብረው ይመዘናሉ። ይህ ዝርዝር ለኋላው ክርክር ቁልፍ ነው።

በናስሬክ የመጨረሻው ቀን

ኤኤንሲ 54ኛ ጉባኤውን ያካሄደው ከዲሴምበር 16 ቀን 2017 (ታኅሣሥ 7 ቀን 2010 ዓ.ም.) ጀምሮ በጆሃንስበርግ ናስሬክ የኤግዚቢሽን ማዕከል ነበር። በፓርቲው ደንብ ጉባኤው የመጨረሻው የሥልጣን አካል ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ይሰበሰባል፣ ከድምፅ ሰጪ ተወካዮቹም ቢያንስ 90 በመቶ የሚሆኑት በየቀበሌው ካሉ ቅርንጫፎች የሚመረጡ ናቸው። ፖሊሲ የሚጠናው አስቀድሞ ነው። በዚያው ዓመት ከጁን 30 እስከ ጁላይ 5 የፖሊሲ ጉባኤ ተካሂዶ ረቂቆቹ ወደ ቅርንጫፎች ወርደው ነበር። በዋናው ጉባኤ ተወካዮቹ በኮሚሽኖች ይከፋፈላሉ፤ ኮሚሽን ማለት እዚህ ላይ አንድን ርዕሰ ጉዳይ ብቻ የሚመረምር የሥራ ቡድን ነው። ኮሚሽኑ የተስማማበትን ለምልዓተ ጉባኤው ያቀርባል፣ ምልዓተ ጉባኤውም ያጸድቃል ወይም ይመልሳል።

በወረቀት ላይ ሥርዓቱ እንዲህ የተስተካከለ ነው። በናስሬክ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት የበላው የተወካዮች ማረጋገጫና የመሪ ምርጫ ነበር። ራማፎዛ 2,440 ድምፅ፣ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነው በአዲስ አበባ የሠሩት ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ደግሞ 2,261 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 179 ብቻ ነው። ውጤቱ በዲሴምበር 18 ምሽት ሲነገር የአዳራሹ ግማሽ ያህል ተሸናፊ ነበር፤ ለፖሊሲ ክርክር የተረፈውም በአመዛኙ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሆኑ። ይህን የጊዜ አከፋፈል ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የአገሪቱን የንብረት ሥርዓት የሚነካው ጥያቄ የቀረበው እንቅልፍ ላጡ፣ በውጤቱ ለተከፋፈሉና ወደየመጡበት ለመመለስ ለተዘጋጁ ሰዎች ነው።

በዲሴምበር 20 የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ስለ መሬት ያካሄደው ክርክር በጣም ጦዘ። የፓርቲውን የኢኮኖሚ ለውጥ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት፣ በኋላም የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ኤኖክ ጎዶንግዋና በዚያው ምሽት ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ ሁከቱ ጉባኤውን ራሱን ሊያፈርስ ጥቂት ቀርቶት እንደነበር አልሸሸጉም። በአንድ ወገን ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ መሬት ያለ ካሳ ይወሰድ የሚሉ፣ በሌላ ወገን ይህ ባንኮችን፣ የምግብ ዋስትናንና መዋዕለ ንዋይን ይጎዳል የሚሉ ነበሩ። ከዚያ ግርግር የወጣው ሁለቱም ወገን የራሱን ድል ሊያነብበት የሚችል ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ምን አለ?

ውሳኔው ያለ ካሳ ማስለቀቅ መንግሥት የመሬት ማሻሻያን ለመፈጸም ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና መንገዶች «አንዱ» ይሁን አለ። ቀጥሎ ግን አጥር ሠራ። አፈጻጸሙ የወደፊት መዋዕለ ንዋይን እንዳያዳክም፣ የእርሻ ምርትንና የምግብ ዋስትናን እንዳይጎዳ፣ ሌሎች የኢኮኖሚ ዘርፎችንም እንዳያናጋ አሰረ። ቅድሚያ የሚሰጠውም በመንግሥት እጅ ላለ መሬት፣ ጦም ለሚያድር መሬት፣ ዋጋው እስኪንር ተይዞ ለሚጠበቅ መሬትና ከዕዳ መውጫ ላጣ ይዞታ እንዲሆን ጠቆመ። አዲሱ መሪ ራማፎዛም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባደረጉት የመዝጊያ ንግግር ውሳኔውንና ቅድመ ሁኔታዎቹን አብረው አነሡ።

በየጋዜጣው ርዕስ የሆነው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። በሕግ ረገድ ክብደት የነበረው ግን የተከተለው አጥር ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በሕጉ ውስጥ ተመልሶ የምናገኘው ይህንኑ የጦም አዳሪ መሬትና የዋጋ ጥበቃ ዝርዝር ነውና። ጽሑፉ ሕገ መንግሥቱ የግድ ይሻሻል ብሎ አለመደምደሙም ትልቅ ነገር ነው። ያ ክፍተት ፓርቲውን በቀጣዮቹ አራት ዓመታት ብዙ አንከራቶታል።

ለምን በዚያ ዓመት?

የመሬቱ በደል ጥንታዊ ነው። በ1913 የወጣው የአገሬው ተወላጆች መሬት ሕግ ጥቁሮች መሬት ሊይዙ የሚችሉበትን ስፍራ ከአገሪቱ 7 በመቶ ገደማ ላይ ወሰነው፤ በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ አለ። ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ የመጣው መንግሥት 30 በመቶ የሚሆነውን የነጮች የእርሻ መሬት በአምስት ዓመት ውስጥ ለማስተላለፍ አቅዶ ነበር፤ ቀኑ በኋላ ወደ 2014 ተገፋ፣ ግቡም ሳይመታ ቀረ። የተመረጠው ዘዴ «ፈቃደኛ ሻጭ፣ ፈቃደኛ ገዢ» የሚባለው ነበር፤ መንግሥት በገበያ ዋጋ የሚገዛው ባለቤቱ ሊሸጥ ሲወድ ብቻ ነው። በ2018 መጀመሪያ ይፋ የሆነው የመንግሥት የመሬት ቆጠራ በግለሰቦች ስም ከተያዘው የእርሻ መሬት 72 በመቶው በነጮች፣ 4 በመቶው በጥቁር አፍሪካውያን እጅ መሆኑን አሳየ።

ይህ በደል ግን በ2012ቱ ጉባኤ ጊዜም ነበረ። በ2017 ለምን ፈነዳ ለሚለው ሁለት ማብራሪያ ይሰጣል። የመጀመሪያው ውሳኔውን የቡድን ሽኩቻ መሣሪያ አድርጎ ያየዋል። በፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ ዙሪያ የተሰለፈው ወገን ምርጫውን ሲሸነፍ የአዲሱን መሪ እጅ በፖሊሲ ለማሰር ፈለገ ይላል። ዙማ ጉባኤው በሚከፈትበት ዕለት ጠዋት ለድኻ ቤተሰብ ልጆች የከፍተኛ ትምህርት ነፃ እንደሚሆን በድንገት ማወጃቸው ይህን ማብራሪያ ያጠናክረዋል። ሁለተኛው ከታች የመጣ ግፊት ነው ይላል። ከኤኤንሲ ተባርረው የወጡት ጁሊየስ ማሌማ በ2013 ያቋቋሙት የኢኮኖሚ ነፃነት ታጋዮች (ኢኤፍኤፍ) ፓርቲ መሬትን ዋና ጥያቄው አድርጎ ወጣቱን እየሳበ ስለነበር፣ የቅርንጫፍ አባላት በየሰፈራቸው መልስ ያጡበትን ጥያቄ ወደ አዳራሹ ይዘው መጡ።

ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጣሉም፤ ለእኔ ግን የሚያመዝነው ሁለተኛው ነው። የቡድን ሽኩቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ወገን ሥልጣኑን ሲያደላድል ውሳኔውን በዝምታ በቀበረው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በፌብሩዋሪ 2017 ኢኤፍኤፍ ያቀረበውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄ በምክር ቤት የጣለው ኤኤንሲ፣ ከዓመት በኋላ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ የራሱን ማሻሻያ ጨምሮ ደገፈው፤ ጥያቄውም በ241 ለ83 አለፈ። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው ዋና ነገር የናስሬክ ውሳኔ ነው። የፓርቲ ጉባኤ ክርክር ባዶ ሥነ ሥርዓት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ሆኖም በጉባኤው ክርክር ቦታውን ያላገኘ አንድ ሰነድ ነበር፤ ይህም ሊያሳስብ የሚገባ ነው። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ የተመራ ከፍተኛ የጥናት ቡድን ከጉባኤው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2017፣ ሪፖርቱን አውጥቶ ነበር። የመሬት ማሻሻያውን ያዘገየው በዋናነት የካሳ ድንጋጌው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሙስና፣ መሬቱ ለሥልጣን ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ መውደቁ፣ የባለሥልጣናት የአቅም ማነስና የበጀት እጦት መሆኑን ዘረዘረ። ለመሬት ማሻሻያ የተመደበው ከአገሪቱ በጀት 0.4 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ለበጀቱ ማነስ መፍትሔው በጀት ነው፤ ለሙስናው ደግሞ ተጠያቂነት። «ያለ ካሳ» የሚለው መፈክር ሁለቱንም አይነካም። አዳራሹ በካሳው ላይ ሲፋለም፣ መሬት ያገኘው ገበሬ ዘር፣ ውኃና የባለቤትነት ሰነድ ለምን እንዳላገኘ የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ተገፋ።

267 እና 274

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ምክር ቤት 400 መቀመጫ አለው። አንቀጽ 25ን ለማሻሻል ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 267 ድምፅ ያስፈልጋል። ከ2019ኙ ምርጫ በኋላ ኤኤንሲ 230፣ ኢኤፍኤፍ 44 መቀመጫ ነበራቸው፤ ሲደመር 274። በስሌት ደረጃ ማሻሻያው ያለቀለት ይመስል ነበር። በመላ አገሪቱ የሕዝብ ውይይት ተደርጎ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የጽሑፍ አስተያየት ተሰብስቦ፣ ረቂቁ በዲሴምበር 7 ቀን 2021 ለድምፅ ሲቀርብ ግን 204 ድጋፍና 145 ተቃውሞ አገኘ። ወደቀ።

የጣሉት ሁለት ወገኖች ሆድና ጀርባ ነበሩ። ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ዴሞክራቲክ አሊያንስ የግል ንብረትን ያፈርሳል ብሎ ተቃወመ። ኢኤፍኤፍ ደግሞ ረቂቁ በቂ ርቀት አልሄደም፣ መሬት በሙሉ በመንግሥት ጥበቃ ሥር መዋል አለበት ብሎ ተቃወመ። የናስሬኩ ጽሑፍ በኤኤንሲ ውስጥ ሁለቱን ጎራ ያስታረቀው ደብዛዛ በመሆኑ ነበር። የሕግ ረቂቅ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቃል መለየት አለበት፤ ቃሉ ሲለይ ያ ዕርቅ ከፓርቲው ውጭ ደጋፊ አላገኘም።

በዚያው ጉባኤ የጸደቀ ሌላ ውሳኔም አለ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ (ሪዘርቭ ባንክ) ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ባንኩ በ1921 ሲቋቋም በግል ባለአክሲዮኖች ስለሆነ ዛሬም ሁለት ሚሊዮን አክሲዮኖቹ በግለሰቦችና በድርጅቶች እጅ ናቸው፤ በዓመት የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ለአንድ አክሲዮን ከ10 ሳንቲም፣ ለሁሉም ተደምሮ ከ200,000 ራንድ አይበልጥም፣ ባለአክሲዮኖቹም በወለድ ተመን ላይ ቃል የላቸውም። ስለዚህ ውሳኔው በተግባር የሚለውጠው ነገር ትንሽ፣ በገበያው ላይ የሚያስከትለው ፍርሃት ግን ብዙ ነበር። የመሬቱ ውሳኔ እየተንገዳገደም ቢሆን ሲሄድ፣ ይህኛው ካለበት አልተንቀሳቀሰም። የሚገፋው የመራጭ ጥያቄ አልነበረውም።

የተፈረመው ሕግ

ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ሲከሽፍ የቀረው መንገድ ተራ ሕግ ነበር፤ ለዚያ ቀላል አብላጫ ድምፅ ይበቃል። በ2020 የቀረበው የማስለቀቂያ ረቂቅ በብሔራዊ ምክር ቤቱ በሴፕቴምበር 2022፣ በክፍላተ ሀገራት ምክር ቤቱ በማርች 2024 አለፈ። ከዚያ የተደረገው የ2024ቱ ምርጫ ኤኤንሲን ወደ 159 መቀመጫ አወረደው፤ ፓርቲውም ሕጉን አጥብቆ ከተቃወመው ከዴሞክራቲክ አሊያንስ ጋር ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ተገደደ። ራማፎዛ ሲፈርሙ ዴሞክራቲክ አሊያንስ ካቢኔውን ሳይለቅ ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በሕጉ ቁልፍ ሥልጣን ያለው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴርም የሚመራው በዚሁ ፓርቲ አባል በዲን ማክፈርሰን ነበር።

የሕጉ አንቀጽ 12 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳው ዜሮ መሆኑ ፍትሐዊ «ሊሆን ይችላል» ይላል። በምሳሌነት የሚጠቅሳቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ ባለቤቱ መሬቱን ሳይጠቀምበት ዋጋው እስኪጨምር ብቻ ሲጠብቅ፣ የመንግሥት አካል ያለ ዋጋ ያገኘውን መሬት ለሥራው ሳያውለው ሲቀር፣ ባለቤቱ መሬቱን ትቶት ሲሄድ፣ ወይም መንግሥት በመሬቱ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ ከገበያ ዋጋው ሲስተካከል ወይም ሲበልጥ። አስለቃቂው አካል በቅድሚያ ከባለቤቱ ጋር በምክንያታዊ ሁኔታ ለመስማማት መሞከር አለበት፤ በካሳው ካልተስማሙ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ተቺዎች የሚያነሡት ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። ዝርዝሩ ዝግ አይደለም፤ ሕጉ «እነዚህን ጨምሮ» ስለሚል ሌሎች ሁኔታዎችም ሊገቡ ይችላሉ። በመሬት ዋስትና ያበደረ ባንክ ዋስትናው ምን እንደሚሆን ማሰቡ አይቀርም። ደጋፊዎች በበኩላቸው ዜሮ ካሳ ከአንቀጽ 25 ሚዛን ሊወጣ የሚችል አንድ ውጤት እንጂ አዲስ ሥልጣን አይደለም ይላሉ። ሁለቱም ክርክሮች በዳኞች ፊት የሚመዘኑ ናቸው። «የነጮችን እርሻ መውረስ» የሚለው አነጋገር ግን ከሕጉ ጽሑፍ ጋር አይገናኝም፤ በሕጉ ዘር የሚጠቅስ የማስለቀቂያ መስፈርት የለም፣ እርሻ መሆንም በራሱ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች ውስጥ አይገባም።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በጆሃንስበርግ ጄፒ አካባቢና በየከተማው ዳር ሱቅ የከፈቱት፣ ስለ ራሳቸው ንብረት ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። የዜሮ ካሳው ድንጋጌ የሚናገረው ስለ መሬት ነው፤ በኪራይ ቤት ውስጥ ያለ የሱቅ ዕቃ በእርሱ አይነካም። እነሱን በተደጋጋሚ የጎዳቸው ዘረፋና በውጭ ዜጎች ላይ የሚነሣው ጥላቻ ነው፤ ለዚያ መልሱ ያለው በሌላ ሕግና በፖሊስ ሥራ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ

159 መቀመጫ ያለው ኤኤንሲ በዚህ ምክር ቤት ዘመን ሕገ መንግሥቱን ሊያሻሽል አይችልም። ስለዚህ በቅርቡ የሚጠበቀው ለውጥ ከፍርድ ቤት የሚመጣ ነው፤ አንድ አስለቃቂ አካል በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ዜሮ ካሳ ሲያቀርብና ባለቤቱ ሲከራከር፣ ዳኞች «ፍትሐዊና ሚዛናዊ» የሚለውን ሐረግ በዚያ መሬት ልክ ይተረጉሙታል። የናስሬክ ተወካዮች በአንድ ሌሊት ሊዘጉት ያልቻሉትን ክርክር የሚዘጋው፣ ከተዘጋ፣ እንዲህ ባለ ተከታታይ ፍርድ ነው።

የኤኤንሲ ቀጣይ ጉባኤ የሚጠበቀው በ2027 መጨረሻ ነው። እዚያም ራማፎዛን የሚተካ መሪ ይመረጣል። የመሬት ጥያቄ በድጋሚ መቅረቡ የማይቀር ነው፤ ፓርቲው ግን በዚህ ጊዜ የሚወስነውን ለማስፈጸም የሌሎች ፓርቲዎች ድምፅ ያስፈልገዋል፣ የፖሊሲ ኮሚሽኖቹም እንደ 2017ቱ ከምርጫው በተረፈው ሰዓት ከተሰበሰቡ የሞትላንቴ ቡድን የዘረዘራቸው የበጀትና የሙስና ጥያቄዎች ዳግመኛ ሳይነሡ ሊታለፉ ይችላሉ።